ፎቶግራፉን ያነሣው ማን ነው?

ስለ 1960ዎቹ ዓመታት የኒው ዮርክ ሠዓልያን በሚያወሱ መጻሕፍትና በኤግዚቢሽን ማስታወቂያዎች ላይ ደጋግሞ የሚታይ አንድ ዓይነት ፎቶግራፍ አለ። ቦታው ግድግዳው በብር ቀለም የተለበጠ ሰፊ አዳራሽ ነው። ባረጀ ሶፋ ላይ ወጣቶች ተደራርበው ተቀምጠዋል፤ ከመካከላቸውም ጥቁር መነጽር ያደረገ ቀጭን ሰው ከማንም ጋር ሳይነጋገር ይታያል። ተመልካች ይህን ሲያይ ወዲያው «ይህማ አንዲ ዋርሆል ነው» ይልና ገጹን ይገልጣል። እኛ ግን ገጹ ከመገለጡ በፊት ሁለት ጥያቄዎች እንዲጠየቁ እንፈልጋለን። የቀሩት እነማን ናቸው? ፎቶግራፉንስ ያነሣው ማን ነው?

ጥያቄው የጨዋታ ጥያቄ አይደለም። ሰዎች ተሰብስበው አንድ አዲስ ነገር በሠሩ ጊዜ፣ ሥራው ካለቀ በኋላ ብዙውን ጊዜ አንድ ስም ብቻ ይቀራል፤ የሌሎቹም ላብ ወደዚያ ስም ይፈስሳል። ይህን የሚያርም ምስክር ከተገኘ ያ ምስክር አንዳንድ ጊዜ ፎቶግራፍ ነው። በእኛ አስተያየት የዚያ ማኅበር ፎቶግራፎች የአንድ ታላቅ ሰው አልበም ተደርገው መታየታቸው ስሕተት ነው። ፎቶግራፎቹ የብዙ ሰዎች የሥራ መዝገብ ናቸው፤ በአስተዋይ ዓይን ለሚያያቸውም የጉዳታቸው መዝገብ ናቸው። ይህን ለማስረዳት ነገሩን ከሥሩ መጀመር ይገባናል። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አንዲ ዋርሆል በ1928 በፒትስበርግ ከተማ፣ ከምሥራቅ አውሮጳ ከፈለሰ የድኻ ሠራተኛ ቤተ ሰብ ተወለደ። ወደ ኒው ዮርክ መጥቶም በ1950ዎቹ ዓመታት ለመጽሔቶችና ለጫማ ነጋዴዎች የማስታወቂያ ሥዕል በመሥራት ስምም ገንዘብም አገኘ። በ1964 መጀመሪያ በማንሃተን፣ በምሥራቅ 47ኛው መንገድ ቁጥር 231 በሆነው ሕንፃ ውስጥ አንድ ሰፊ ወለል ይዞ ሥራውን ወደዚያ አዛወረ። ቦታው «ዘ ፋክተሪ» ተባለ፤ ፋብሪካ ማለት ነው። ስሙም ባዶ ቀልድ አልነበረም፤ በእርግጥ እንደ ፋብሪካ ብዙ እጅ ይሠራበት ነበር። ወደዚያ የሚመጡት ባለቅኔዎች፣ ዳንሰኞችና ሙዚቀኞች፣ ከሀብታም ቤት የወጡ ልጆች፣ መሄጃ ያጡ ወጣቶች፣ እንዲሁም በዘመኑ ሕግና ልማድ ዘንድ ማደሪያ ያልነበራቸው ሰዎች ነበሩ። የሚያመሳስላቸው አንድ ነገር ቢኖር፣ አባቶቻቸው ያዘጋጁላቸውን ኑሮም ሆነ አባቶቻቸው ያከበሩትን ጥበብ እንዳለ አንቀበልም ማለታቸው ነው።

ያን አዳራሽ ብር ያለበሰው ግን ዋርሆል አልነበረም። በቲያትር ቤቶች የመብራት ሥራ የሚሠራ ዊልያም ሊኒች የሚባል ወጣት ነበር። ይህ ወጣት አስቀድሞ የራሱን መኖሪያ በብር ወረቀትና በብር ቀለም ሸፍኖት ነበርና ዋርሆል አይቶ ወደደው፤ ለእኔም እንዲሁ አድርግልኝ አለው። ሊኒችም ግድግዳውን፣ ቧንቧውንና ምሰሶውን ሁሉ በአሉሚኒየም ወረቀትና በቀለም ለበጠ። ሥራውን ሲጀምር እዚያው ማደር ጀመረ፤ ሲጨርስም እዚያው ኗሪ ሆኖ ቀረ። በፎቶግራፎቹ ላይ የሚታየውን ዝነኛ ሶፋ ከመንገድ ላይ አንሥቶ ያመጣው እርሱ እንደ ሆነ ይነገራል። በመጨረሻም ስሙን ለውጦ «ቢሊ ኔም» ተባለ፤ ይኸውም «ቢሊ ስም» እንደ ማለት ነው።

ዋርሆል በዚያ ጊዜ ፊልም ለማንሣት ልቡ ተነሥቶ ስለ ነበር ፔንታክስ የፎቶግራፍ ካሜራውን ለቢሊ ሰጠው። ቢሊ ፎቶግራፍ ማንሣትን ከማንም አልተማረም። አንዱን መታጠቢያ ቤት ጨለማ ክፍል አድርጎ ፊልም ማጠብንና ማተምን በራሱ እየሞከረ ለመደ። ከ1964 ጀምሮ እስከ 1970 ድረስ በዚያ ቤት የተሠራውንና የሆነውን ያነሣ እርሱ ነበር። ጥቁሩ እጅግ ጥቁር፣ ነጩም እጅግ ነጭ የሆነው የፎቶግራፎቹ መልክ፣ እኛ ዛሬ «የ1960ዎቹ ኒው ዮርክ» ብለን በዓይነ ሕሊናችን የምናየው መልክ ነው። እንግዲህ ግድግዳውንም ያበጀው፣ የግድግዳውንም ምስል ለትውልድ ያስተላለፈው አንድ ሰው ነው ማለት ነው። ራሱን «ስም» ብሎ የሰየመው ሰው፣ ከሁሉ አስቀድሞ ስሙ የሚዘነጋ ሰው ሆነ።

ምስክሩ እርሱ ብቻ አልነበረም። በ1965 ስቲቨን ሾር የሚባል የ17 ዓመት ልጅ ካሜራውን ይዞ መጣና እስከ 1967 ድረስ ተመላለሰ። ይህ ልጅ በኋላ በአሜሪካ የቀለም ፎቶግራፍ ታሪክ ከታወቁት ሰዎች አንዱ ሆኗል። ከእርሱም ሌላ ናት ፊንክልስታይን የተባለ የጋዜጣ ፎቶግራፍ አንሺ ነበረ፤ እርሱም ለሥራ መጥቶ ሦስት ዓመት ያህል ቆየ። አንዱ የቤቱ ሰው፣ አንዱ ሊማር የመጣ ልጅ፣ አንዱ ወሬ ፈላጊ ነው። ያገራችን ሰው «ማን ያውራ የነበረ፣ ማን ያርዳ የቀበረ» ይላልና፣ የእነዚህ ሰዎች ምስክርነት የሚታመነው ከውጭ ሆነው ስላላዩ ነው። በየካቲት 1968 በስቶክሆልም በሚገኘው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ቤተ መዘክር የዋርሆል ኤግዚቢሽን ሲከፈት ከእርሱ ጋር አንድ ወፍራም መጽሐፍ በርካሽ ወረቀት ታትሞ ወጣ። ከመጽሐፉ ብዙውን ክፍል የያዙት የቢሊ ኔምና የስቲቨን ሾር ፎቶግራፎች ነበሩ። አውሮጳ ያን ማኅበር በደንብ ያወቀው በእነዚህ ሁለት ሰዎች ዓይን ነው ብንል አናጋንንም።

አሁን ፎቶግራፎቹ ምን እንደሚያሳዩ እንመልከት። ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ሶፋውንና ግብዣውን ነው። ነገር ግን ረጋ ብሎ ለሚመለከት ሰው በብዙዎቹ ላይ የሚታየው ሥራ ነው። ዋርሆል ዝነኛ የሆነበት የአሠራር ዘዴ ፎቶግራፍን ወደ ሐር ወንፊት ማስተላለፍና ቀለሙን በወንፊቱ ላይ በመጥረጊያ እየገፉ በሸራ ላይ ማተም ነበር። ወረቀት በስቴንስል ያባዛ ተማሪ ነገሩን ለመረዳት አይቸገርም፤ ቀለሙ ክፍት ባገኘበት ያልፋል፣ በተደፈነበት ይቀራል። ይህ ሥራ ትልቅ ሸራ ሲሆን የሁለት ሰው ጉልበት ይጠይቃል። ሁለተኛው ሰው ከሰኔ 1963 ጀምሮ የተቀጠረው ወጣቱ ባለቅኔ ጄራርድ ማላንጋ ነበር። ደመወዙም በሰዓት 1 ዶላር ከ25 ሳንቲም ነበር።

ከዚያ ዘመን ሥራዎች መካከል በ1964 የተሠራ አንድ የማሪሊን ሞንሮ ሥዕል በግንቦት 2022 በኒው ዮርክ ጨረታ በ195 ሚሊዮን ዶላር ተሽጧል። ከሽያጩ የሚገኘው ገንዘብ ለሕፃናት በጎ አድራጎት እንዲውል መባሉን እናውቃለንና ሻጩን ለመክሰስ አይደለም የምንጠቅሰው። የምንለው፣ በሰዓት 1 ዶላር ከ25 እና 195 ሚሊዮን ዶላር በሚሉት ሁለት ቁጥሮች መካከል አንድ ሙሉ ታሪክ አለ፤ ያን ታሪክ የሚያወጣውም ወንፊቱን የያዙት እጆች የሚታዩበት ፎቶግራፍ ነው።

በዚያው በ1964 የጸደይ ወራት የቀረቡት የብሪሎ ሣጥኖችም ሌላ ምሳሌ ይሆኑናል። እነዚህ ሣጥኖች በሱቅ የሚሸጥ የድስት መፈተጊያ ካርቶን እንዲመስሉ ከእንጨት ተሠርተው ቀለም የተቀቡ ናቸው። ቀለሙን በመቀባትና በማተም ማላንጋና ቢሊ ተካፍለዋል። ለመሆኑ የመጀመሪያውን የሱቅ ካርቶን የነደፈው ማን ነው? ጄምስ ሃርቪ የሚባል ሰው ነበር፤ ራሱም ሠዓሊ ሆኖ ለእንጀራው ሲል የማስታወቂያ ሥራ የሚሠራ ነበር። የነደፈው ካርቶን በሥዕል አዳራሽ ውስጥ በሌላ ሰው ስም ተከብሮ ካየ በኋላ በ1965 ሞተ። የሥነ ጥበብ ሊቃውንት ስለ እነዚያ ሣጥኖች ብዙ ፍልስፍና ጽፈዋል፤ ስለ ሃርቪ የጻፉት ግን ጥቂቶች ናቸው።

የፎቶግራፍ አንሺዎች ነገር ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። የማሪሊን ሥዕሎች መሠረት በ1953 ለወጣው «ናያጋራ» ለተባለው ፊልም ማስታወቂያ የተነሣ ፎቶግራፍ ነው። በ1964 የተሠሩት «አበቦች» የተባሉት ሥዕሎችም የተወሰዱት ፓትሪሺያ ኮልፊልድ ካነሣችውና በአንድ የፎቶግራፍ መጽሔት ላይ ከወጣ ምስል ነው፤ ማንም አላስፈቀዳትም። በ1966 ከሰሰች፤ ነገሩም በስምምነት አለቀ። ከብዙ ዓመታት በኋላ ተመሳሳይ ነገር ተደገመ። ሊን ጎልድስሚዝ በ1981 ዘፋኙን ፕሪንስን ፎቶግራፍ አንሥታ ነበር። በ1984 አንድ መጽሔት ለአንድ ጊዜ ብቻ እንዲጠቀምበት 400 ዶላር ከፍሎ ዋርሆል ሥዕሉን ሠራ፤ እርሱ ግን ከዚያው ፎቶግራፍ 16 ሥራዎች አወጣ። በ2016 ፕሪንስ ሲሞት ከእነዚህ አንዱ እንደገና በመጽሔት ወጣ። ለዋርሆል ድርጅት 10,000 ዶላር ተከፈለ፤ ለጎልድስሚዝ ግን ገንዘብም ሆነ ስሟን መጥቀስ አልደረሳትም። ነገሩ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰና በግንቦት 18 ቀን 2023 ሰባት ዳኞች በሁለት ላይ ለጎልድስሚዝ ፈረዱ። እንግዲህ «ፎቶግራፉን ያነሣው ማን ነው?» የሚለው ጥያቄያችን የቆየ ወሬ አይደለም፤ ዳኞች የተቀመጡበት ጥያቄ ነው።

እስካሁን ያነሣነው ስለ ሥራ ነው። ስለ ጉዳቱም መናገር ግዴታችን ነው፤ ምክንያቱም ብር ግድግዳ ብርሃን ይመልሳል እንጂ ውስጡን አያሳይም። በዚያ ቤት ብዙዎች ሌሊቱን ሙሉ የሚነቁት አምፌታሚን በተባለ መድኃኒት ኃይል ነበር። የቢሊ ወዳጅ የነበረው ዳንሰኛ ፍሬድ ሄርኮ በጥቅምት 1964 በመስኮት ዘሎ ወጥቶ ሞተ፤ ዕድሜው 28 ዓመት ነበር። በ1965 የፎቶግራፎቹ ሁሉ ጌጥ የነበረችው ኢዲ ሴጅዊክ ከዚያ ማኅበር ከወጣች በኋላ በኅዳር 1971 በእንቅልፍ መድኃኒት ብዛት ሞተች፤ እርስዋም ገና 28 ዓመቷ ነበር። ፊቷን የሚያሳዩት ፎቶግራፎች ግን ዛሬም የልብስ ፋሽን ማስታወቂያ ያህል ያምራሉ። ውበቱን አንክድም። ነገር ግን ፎቶግራፍ የአንድ ሰከንድ ክፋይ እውነት ነው፤ ከዚያ በፊትና ከዚያ በኋላ ያለውን የሚጨምርበት አንባቢው ነው። ይህን ሳይጨምር የሚያደንቅ ወጣት የሌላውን ሕመም እንደ ጌጥ ይለብሳል።

የመጀመሪያው ሕንፃ ሊፈርስ ስለ ሆነ ማኅበሩ በ1968 ወደ ዩኒየን ስክዌር ተዛወረ። በዚያው ዓመት በሰኔ 3 ቀን ቫለሪ ሶላናስ የተባለች ጸሐፊ ገብታ ዋርሆልን በሽጉጥ መታችው። ሐኪሞች በብዙ ድካም አዳኑት፤ ከዚያ በኋላ ግን እስከ ሞተበት እስከ 1987 ድረስ ሆዱን በመቀነት ደግፎ ኖረ። በ1969 ፎቶግራፍ አንሺው ሪቻርድ አቬዶን ልብሱን ገልጦ የጠባሳውን ፎቶግራፍ አነሣ። ስለዚያ ዘመን አንድ ፎቶግራፍ ብቻ እንድንመርጥ ብንጠየቅ ሶፋውን ትተን ይህን በመረጥን ነበር፤ ብሩ ከተላጠ በኋላ የሚታየው ሥጋ ነውና።

ይህን ስንል ሁለት ወገኖች እንደሚቃወሙን እናውቃለን። አንደኞቹ «እነዚህ ሥራ ፈቶች ነበሩ፤ ስለ እነርሱ ምን አስጨነቃችሁ?» ይላሉ። ለእነዚህ የምንመልሰው፣ ሥራ ፈት ሰው በሳምንት ውስጥ ይህን ያህል ሸራ አያትምም፣ ሣጥን አይቀባም፣ ፊልም አያነሣም የሚል ነው። ከ1964 እስከ 1966 በዚያ ቤት የተነሡት ጸጥ ያሉ አጫጭር የፊት ፊልሞች ብቻ 500 ይጠጋሉ። ኑሯቸውን መውቀስ ይቻላል፤ ሥራቸውን ግን አልነበረም ማለት አይቻልም።

ሁለተኞቹ «ሐሳቡ የዋርሆል ነው፤ ረዳት ምንጊዜም ረዳት ነው፤ የጥንት የሥዕል መምህራንስ ደቀ መዛሙርት አልነበሯቸውምን?» ይላሉ። ይህ ክርክር ክብደት አለው፤ በቀላሉም አንጥለውም። እንዲያውም ዋርሆል ሌሎች እንደሚሠሩለት ከቶ አልሸሸገም፤ ቤቱን ፋብሪካ ብሎ የጠራ ሰው ብቻዬን ሠራሁ አላለም። ጥፋቱ ከእርሱ ይልቅ የእኛ የተመልካቾቹ ነው፤ ፋብሪካውን ለማየት ሄደን ባለቤቱን ብቻ አይተን ተመለስን። ሐሳብ ያመነጨ ክብሩን ይውሰድ፤ እጁን ያቆሸሸም ክብሩን ይውሰድ። የአንዱ ክብር የሌላውን አይቀንስም። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የምንለው አንበሳው ከታሰረ በኋላ አንዱን ክር ብቻ ለማመስገን አይደለም።

ስለ ራሳችን ሙያም አንድ ነገር እንጨምር። በመስከረም 1963 ቴድ ቤሪጋን የተባለ ባለቅኔ በኒው ዮርክ «ሲ» የምትባል በማባዣ የምትታተም የግጥም መጽሔት ያወጣ ነበር። የዚያን ወር ሽፋን ዋርሆል በፎቶግራፍና በሐር ወንፊት ሠራለት። ዛሬ ያ የተባዛ ወረቀት በትልልቅ ቤተ መጻሕፍት በጥንቃቄ ይጠበቃል። ይህን የምናነሣው እኛም እንከበራለን ብለን ለመመጻደቅ አይደለም። ርካሽ ወረቀት ላይ የሚሠራ ሥራ ነገ መዝገብ ሊሆን እንደሚችል ለማሳሰብ ነው።

መዝገብ ደግሞ ይጠፋል። ቢሊ ኔም ከ1968ቱ ተኩስ በኋላ ከጨለማ ክፍሉ እምብዛም ሳይወጣ ቆየ፤ በ1970 አጭር ወረቀት ጽፎ ትቶ ሄደ። ወደ እርጅናው ደግሞ የዚያ ሁሉ ዘመን ኔጌቲቮች ከእጁ ወጥተው ደብዛቸው ጠፋ። በ2014 ትልቁ የፎቶግራፍ መጽሐፉ ሲታተም አሳታሚዎቹ የተጠቀሙት በተረፉት የወረቀት ሕትመቶች ነበር። በሐምሌ 2016 ሞተ። ዓለም ሁሉ የሚያውቀውን ምስል የፈጠረ ሰው የምስሎቹን ሥር ሳይዝ ወደ መቃብር ወረደ። ይህ እኛን የሚያሳዝነንን ያህል የሚያስተምረንም ነው።

እንግዲህ ከአንባቢዎቻችን የምንጠይቀው ነገር ትልቅ ገንዘብ ወይም ትልቅ ዕውቀት የሚጠይቅ አይደለም። ኤግዚቢሽን ስናይ ወይም መጽሐፍ ስንከፍት ከሥዕሉ ሥር በትንሽ ፊደል የተጻፈውን እናንብብ፤ ያንሺው ስም ከሌለም ለምን እንደ ሌለ እንጠይቅ። የሌላውን ፎቶግራፍ ለስብሰባ ማስታወቂያ ወይም ለመጽሔት ስንጠቀም ባለቤቱን እናስፈቅድ፤ ስሙንም እንጻፍ። የራሳችንን ማኅበርና ጓደኞቻችንን ስናነሣ ቀኑን፣ ቦታውን፣ ከግራ ወደ ቀኝ የቆሙትን ሁሉ ስም፣ ወንበር ያመጣውንም ቢሆን ሳንረሳ በጀርባው እንመዝግብ። በመጨረሻም፣ የሳቀ ፊት ባየን ጊዜ ደኅና ነው ብለን አንለፍ፤ ፎቶግራፉ ካለቀ በኋላ ጓደኛችን ወዴት እንደሄደ እንጠይቅ። በዚያ ብር አዳራሽ ውስጥ ካሜራ የጎደለበት ቀን አልነበረም፤ ይህን የሚጠይቅ ሰው ግን ጥቂት ነበር።

«ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ይባላል። ይውላል፤ ነገር ግን በራሱ አይውልም። የሚጽፈው ሰው ያስፈልጋል።